ዊንዶውስንና ኡቡንቱን በአንድ ኮምፒውተር ላይ ጎን ለጎን መጫን፦ ዝርዝር መመሪያ

ይህ መመሪያ ዊንዶውስ 10 ወይም 11 አስቀድሞ በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ ኡቡንቱ ሊኑክስ 24.04ን ከጎኑ ለመጫንና ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር ከሁለቱ አንዱን መርጦ ለመግባት የሚያስፈልገውን ሥራ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያሳያል። በተለምዶ ዱዋል ቡት የሚባለው ይኸው ነው። ኡቡንቱን የመረጥኩት ለጀማሪ የሚመች ጫኝ ፕሮግራም ስላለውና 24.04 እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 የወጣ፣ የ5 ዓመት መደበኛ ድጋፍ ያለው እትም ስለሆነ ነው፤ ሌሎቹን የሊኑክስ ዓይነቶች፣ ሊኑክስ ሚንትን ወይም ፌዶራን፣ የሚመርጥ ሰውም ከመጫኛው ገጽ መልክ በስተቀር አብዛኛውን እንዳለ ሊሠራበት ይችላል።

መጫኑ ራሱ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም። ሰዎች ፋይላቸውን የሚያጡት ወይም ዊንዶውስ አልነሳ የሚላቸው ግን አብዛኛውን ጊዜ የመጫኛው ፍላሽ ከመሰካቱ በፊት፣ ገና ዊንዶውስ ውስጥ እያሉ መደረግ የነበረበት አንድ ነገር ስለተዘለለ ነው። እኔ እስካሁን ለመጠገን ከተቀመጥኩባቸው ብልሽቶች የሚበዙት ምንጫቸው ይኸው ነበር። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ሰፊው ክፍል ዝግጅቱ ነው። የሜኑዎችንና የትእዛዞችን ስም እንደሚነበቡ አድርጌ ጽፌአቸዋለሁ፤ በስክሪኑ ላይ የሚያገኟቸው ግን በእንግሊዝኛ ነው።

ዱዋል ቡት ለማን ይጠቅማል?

ሊኑክስን ለመቅመስ ያህል ብቻ የሚፈልጉ ከሆነ ዲስክ መክፈል አያስፈልግዎትም። ቨርቹዋልቦክስን የመሰለ ፕሮግራም ዊንዶውስ ውስጥ እንደ አንድ መስኮት ኡቡንቱን ያስነሳልዎታል፤ የትእዛዝ መስመር ብቻ ለሚፈልግ ፕሮግራመር ደግሞ ዊንዶውስ ራሱ ሊኑክስን በውስጡ የሚያሠራበት ክፍል አለው። ዱዋል ቡት ዋጋ የሚኖረው የማሽኑን ሙሉ ጉልበት ለሁለቱም መስጠት ሲፈልጉ ነው፦ ራሙ ትንሽ ሲሆን፣ የግራፊክስ ካርዱን በቀጥታ የሚጠቀም ሥራ ሲኖር፣ ወይም ኮምፒውተሩ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀውን የቲፒኤም 2.0 የደህንነት ቺፕ ስለሌለው ዊንዶውስ 10 ላይ ሲቀር። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላበቃ፣ ኢንተርኔት የሚነካውን ሥራ ወደ ሊኑክስ አዛውሮ ዊንዶውስን ለአንድ ሁለት ፕሮግራም ብቻ ማስቀረት በእኔ ግምት ጥሩ ምክንያት ነው።

ኮምፒውተሩ ሲበራ ምን ይሆናል?

ይህን ክፍል ማለፍ ያጓጓል፤ ሆኖም በኋላ አንድ ነገር ቢበላሽ መላውን የሚነግርዎት ይህ እውቀት ነው። ኮምፒውተር ኃይል ሲያገኝ መጀመሪያ የሚሠራው ማዘርቦርዱ ላይ የተቀመጠው ፈርምዌር ነው። የድሮው ዓይነት ባዮስ ይባላል፤ በዲስኩ የመጀመሪያ 512 ባይት ላይ የተጻፈችውን ትንሽ ፕሮግራም አንብቦ ሥራውን ለእሷ ያስረክባል። ዲስኩ የተከፋፈለባቸው ክፍሎች (ፓርቲሽኖች) ሰንጠረዥም እዚያችው ጠባብ ቦታ ውስጥ ስለሚቀመጥ፣ ኤምቢአር በሚባለው በዚህ አሠራር ከ4 በላይ ዋና ፓርቲሽን መፍጠር አይቻልም። ቦታዋ አንዲት ብቻ ስለሆነችም ኋላ የተጫነው ስርዓተ ክወና የቀደመውን ማስነሻ ይደመስሰው ነበር፤ ‹‹ሁልጊዜ ዊንዶውስን አስቀድም›› የሚለው የቆየ ምክር የመጣው ከዚህ ነው።

ዛሬ የሚሸጡት ኮምፒውተሮች የሚሠሩት ዩኢኤፍአይ በሚባለው ፈርምዌርና ጂፒቲ በሚባለው የዲስክ አከፋፈል ነው። እዚህ ማስነሻዎቹ ኢኤፍአይ በምትባል፣ በፋት 32 የፋይል አደረጃጀት በተሰናዳች ትንሽ ፓርቲሽን ውስጥ በየፎልደራቸው ይቀመጣሉ። ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ 100 ሜጋባይት ያህል ይሰጣታል። ኡቡንቱ ሲመጣ ከማይክሮሶፍት ፎልደር ጎን የራሱን ፎልደር ይከፍታል፤ ፈርምዌሩ ደግሞ የማስነሻዎቹን ስምና ቅደም ተከተል በራሱ ማስታወሻ ይይዛል። አንዱ ሌላውን ሳይነካ አብረው መኖር የሚችሉት በዚህ ምክንያት ነው። ቅድሚያውን ግን አሁንም አንዱ ከሌላው ሊወስድ ስለሚችል፣ ዊንዶውስን አስቀድሞ ኡቡንቱን ማስከተል ዛሬም የሚቀለው መንገድ ነው።

ከዚህ የሚከተለው አንድ የማይጣስ ደንብ አለ፦ ሁለቱም ስርዓተ ክወናዎች በአንድ ዓይነት አነሳስ መጫን አለባቸው። የእርስዎን ለማወቅ የዊንዶውስን ቁልፍና አር የሚለውን ፊደል አብረው ይጫኑና ‹‹ኤምኤስኢንፎ32›› ብለው ያስገቡ። በሚከፈተው ገጽ ላይ ‹‹ባዮስ ሞድ›› ከሚለው ትይዩ ‹‹ዩኢኤፍአይ›› ካለ ሁሉም ደህና ነው። ‹‹ሌጋሲ›› ካለ ዲስኩ በድሮው አሠራር የተከፈለ ነውና፣ ወይ ኡቡንቱንም በዚያው በሌጋሲ መጫን፣ ወይም ዊንዶውስ ውስጥ በሚገኘው ‹‹ኤምቢአር ቱ ጂፒቲ›› በተባለ መሣሪያ ዲስኩን አስቀድሞ መቀየር ይኖርብዎታል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ዩኢኤፍአይ መሆኑን ይዞ የተጻፈ ነው።

ዊንዶውስ ውስጥ የሚሠራው ዝግጅት

ባክአፕ ስለመያዝ ብዙ አልልም፦ ሊያጧቸው የማይፈልጓቸውን ፋይሎች ከኮምፒውተሩ ውጭ በሆነ ዲስክ ላይ ይገልብጡ፣ ከዚያም ሁለት ሦስቱን ከዚያው ከውጭው ዲስክ ከፍተው መነበባቸውን ያረጋግጡ። በዚያው ዲስክ ሌላኛ ፓርቲሽን ላይ የተቀመጠ ቅጂ ባክአፕ አይባልም።

ቀጥሎ የሚመጣው የዲስክ ምስጠራ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለውም እዚህ ላይ ነው። በርካታ አዳዲስ ላፕቶፖች ባለቤቱ ሳያውቀው ዲስካቸው ቢትሎከር በተባለው የዊንዶውስ መመስጠሪያ ተመስጥሮ ነው የሚመጡት። ዊንዶውስ 11 በማይክሮሶፍት አካውንት ሲገቡበት ‹‹ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን›› የሚለውን በራሱ ሊያበራ ይችላል። የተመሰጠረው ዲስክ መክፈቻ ቲፒኤም በሚባለው ቺፕ ውስጥ የሚቀመጥ ሲሆን፣ ቺፑ የኮምፒውተሩ አነሳስ የተለወጠ ከመሰለው መክፈቻውን አይሰጥም፤ ዊንዶውስም በሰማያዊ ገጽ 48 አኃዝ ያለው የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ይጠይቃል። አንድ ጊዜ የአንድ ወዳጄን ላፕቶፕ አዘጋጅቼለት ኡቡንቱ ያለምንም እንከን ተጫነ፤ ወደ ዊንዶውስ ስንመለስ ግን ያ ሰማያዊ ገጽ ጠበቀን። ቁልፉ የተቀመጠበትን የኢሜይል አካውንት የይለፍ ቃል ረስቶት ስለነበር አካውንቱን መልሶ እስኪያገኝ ቀናት ፈጀበት። ቁልፉን አስቀድመን በወረቀት ብንጽፈው ኖሮ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር።

ስለዚህ ‹‹ሴቲንግስ›› ውስጥ ‹‹ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ›› የሚለውን ከፍተው ‹‹ዲቫይስ ኢንክሪፕሽን›› መብራት አለመብራቱን ይመልከቱ፤ በፕሮፌሽናል እትም ላይ ቢትሎከር በኮንትሮል ፓነል ውስጥም ይገኛል። በርቶ ከሆነ መጀመሪያ 48ቱን አኃዝ ይጻፉ። ከዚያ የእኔ ምክር ምስጠራውን ሙሉ በሙሉ ማጥፋትና ዲስኩ እስኪፈታ መጠበቅ ነው፤ በትልቅ ዲስክ ላይ ሰዓታት ሊወስድ ስለሚችል ቻርጀሩን ሰክተው ሌላ ሥራ ይሥሩ። የሚያንቀሳቅሱት ላፕቶፕ ከሆነ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ መልሰው ሊያበሩት ይችላሉ፤ ከዚያ በኋላ ግን ዊንዶውስን በኡቡንቱ የማስነሻ ሜኑ በኩል ሲከፍቱት ቁልፉን ሊጠይቅዎት እንደሚችል አይርሱ።

ሦስተኛው ‹‹ፋስት ስታርታፕ›› የሚባለው ነው። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ‹‹ሻት ዳውን›› ሲሉ ዊንዶውስ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ የራሱን እምብርት በዲስኩ ላይ አስተኝቶ ይሄዳል፣ ሲመለስም ካቆመበት ይቀጥላል። ፓርቲሽኑ በእንዲህ ያለ ሁኔታ ተንጠልጥሎ እያለ ሊኑክስ ገብቶ ቢጽፍበት ዊንዶውስ በማስታወሻው የያዘውና ዲስኩ ላይ ያለው ስለማይገጥሙ ፋይሎች ይበላሻሉ። ሊኑክስ ይህን ስለሚያውቅ ፓርቲሽኑን ለንባብ ብቻ ይከፍተዋል ወይም ጨርሶ አልከፍትም ይላል፤ ብዙ ተጠቃሚም ስህተቱ የኡቡንቱ ይመስለዋል። ለማጥፋት ከኮንትሮል ፓነል ወደ ‹‹ፓወር ኦፕሽንስ›› ይግቡ፣ ‹‹ቹዝ ዋት ዘ ፓወር በተንስ ዱ›› የሚለውን ይክፈቱ፣ ደብዝዘው የሚታዩትን ምርጫዎች የሚያነቃውን መስመር ይጫኑና ‹‹ተርን ኦን ፋስት ስታርታፕ›› ላይ ያለውን ምልክት ያንሱ። ከትላልቅ የዊንዶውስ አፕዴቶች በኋላ ተመልሶ አለመብራቱን አየት ማድረግ አይከፋም።

ለኡቡንቱ ቦታ ማስለቀቅ

ኡቡንቱ ቢያንስ 25 ጊጋባይት ይጠይቃል፤ ይህ ግን ለመቆም የሚበቃ እንጂ ለመኖር የሚበቃ አይደለም። ፕሮግራሞችና አፕዴቶች ሲደራረቡ ዲስኩ ቶሎ ስለሚጨናነቅ ከ60 ጊጋባይት ባያንስ ይመረጣል፤ ሊኑክስ ዋና መሥሪያዎ ከሆነ 100 እና ከዚያ በላይ ይስጡት። በኋላ ማስፋት ይቻላል፣ ሆኖም አሰልቺና ስጋት ያለበት ነውና አሁን ለጋስ መሆን ይሻላል።

ዲስኩን ለማጥበብ የዊንዶውስን የራሱን መሣሪያ እንጂ የኡቡንቱን አይጠቀሙ፤ የራሱን ፓርቲሽን ከማንም የተሻለ የሚያውቀው እሱ ነው። የስታርት ምልክቱን በቀኝ ይጫኑና ‹‹ዲስክ ማኔጅመንት››ን ይክፈቱ፤ ሲ የሚለውን ፓርቲሽን በቀኝ ተጭነው ‹‹ሽሪንክ ቮልዩም››ን ይምረጡ። የሚጠይቅዎት መጠን በሜጋባይት ስለሆነ የሚፈልጉትን ጊጋባይት በ1,024 ያባዙት፦ ለ60 ጊጋባይት 61,440 ብለው ይጻፉ ማለት ነው። ሲጨርስ ከሲ ቀጥሎ ጥቁር አናት ያለው ‹‹አንአሎኬትድ›› የተባለ ባዶ ቦታ ይታያል። እንዲሁ ይተዉት፤ ፎርማት አያድርጉት፣ ፊደልም አይስጡት።

አንዳንድ ጊዜ ዲስኩ ላይ 200 ጊጋባይት ባዶ እያለ ዊንዶውስ ‹‹ማስለቀቅ የምችለው 12 ብቻ ነው›› ሊል ይችላል። ምክንያቱ መሃል ላይ የተቀመጡ፣ ከቦታቸው የማይንቀሳቀሱ ፋይሎች ናቸው፦ የሃይበርኔሽኑ ፋይል (ኮምፒውተሩ ሲተኛ ሥራው የሚቀመጥበት)፣ የፔጅ ፋይሉ (ራም ሲሞላ ትርፉ የሚቀመጥበት) እና የሲስተም ሪስቶር ነጥቦች (ዊንዶውስን ወደ ቀድሞ ሁኔታው መመለሻዎች)። ሦስቱንም ለጊዜው አጥፍተው፣ ሪስታርት አድርገው እንደገና ይሞክሩ፤ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል። ሃይበርኔሽን ሲጠፋ ፋስት ስታርታፕም አብሮት ስለሚጠፋ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ ይሆንልዎታል። ካጠበቡ በኋላ ዊንዶውስን አንድ ጊዜ ሪስታርት አድርገው በደህና መነሳቱን ሳያዩ ወደሚቀጥለው አይሂዱ።

ፍላሹን ማዘጋጀት

የኡቡንቱ 24.04 የአይኤስኦ ፋይል (መጫኛው በሙሉ የታሸገበት አንድ ፋይል) 6 ጊጋባይት ገደማ ስለሆነ 8 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ፍላሽ ያስፈልግዎታል፤ በውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ፋይሉን ከኡቡንቱ ይፋዊ ድረ ገጽ ብቻ ያውርዱ። ከወረደ በኋላ ሳይጎድል መድረሱን ለማረጋገጥ በፓወርሼል ውስጥ ‹‹ጌት ፋይልሃሽ›› የሚለውን ትእዛዝ ከፋይሉ ስም ጋር ያስገቡና የሚሰጥዎትን 64 ፊደልና ቁጥር ድረ ገጹ ላይ ካለው ጋር ያስተያዩ። የሚቆራረጥ ኢንተርኔት ለሚጠቀም ሰው ይህ ቅንጦት አይደለም፦ መጫኑ በ70 በመቶ ላይ ቆሞ ሲቀር ከሚጠረጠሩት ነገሮች አንዱ ጎድሎ የወረደ ፋይል ነው።

አይኤስኦውን ወደ ፍላሹ መገልበጥ ብቻ አያስነሳውም፤ ሩፈስን ወይም ባሌናኤቸርን በመሰለ ፕሮግራም መጻፍ አለበት። ሩፈስን ሲከፍቱ ፍላሽዎን ይምረጡ፣ አይኤስኦውን ይስጡት፣ ‹‹ፓርቲሽን ስኪም›› ላይ ጂፒቲ፣ ‹‹ታርጌት ሲስተም›› ላይ ዩኢኤፍአይ መሆኑን ያረጋግጡና ያስጀምሩት። ሌላ የውጭ ዲስክ ተሰክቶ ከሆነ፣ በተለይ አሁን የገለበጡበት የባክአፕ ዲስክ፣ ከዚህ በፊት ይንቀሉት።

ከፍላሹ መነሳት

ወደ ፈርምዌሩ ለመግባት የሚጫኑት ቁልፍ ከአምራች አምራች ይለያያል፦ የማስነሻ ምርጫውን ለማምጣት በዴልና በሌኖቮ አብዛኛውን ጊዜ ኤፍ 12፣ በኤችፒ ኤፍ 9 ነው። ቁልፉን ከመገመት የሚቀል መንገድም አለ፦ ዊንዶውስ ውስጥ ሺፍትን ተጭነው ይዘው ‹‹ሪስታርት››ን ይጫኑ፤ በሚመጣው ሰማያዊ ገጽ ላይ ‹‹ዩዝ ኤ ዲቫይስ›› የሚለው ፍላሹን ያስመርጥዎታል፣ በ‹‹ትረብልሹት›› በኩል ደግሞ የፈርምዌሩን ሴቲንግ መክፈት ይቻላል። ፍላሹ በዝርዝሩ ውስጥ ሁለት ጊዜ ከታየ ዩኢኤፍአይ የሚል ቅጽል ያለውን ይምረጡ፤ ሌላኛው ኡቡንቱን በሌጋሲ ያስነሳውና ከዊንዶውሱ ጋር አይገናኙም።

‹‹ሴኪዩር ቡት››ን፣ ማለትም ፊርማው ያልተረጋገጠ ማስነሻ እንዳይነሳ የሚከለክለውን የፈርምዌር ጥበቃ፣ አጥፉ የሚሉ የቆዩ መመሪያዎች ያጋጥሙዎት ይሆናል። ኡቡንቱ በማይክሮሶፍት ፊርማ የተረጋገጠ ማስነሻ ስላለው በአብዛኞቹ ማሽኖች ላይ ሳይጠፋ ይሠራል፤ እንዲያውም እንደበራ ይተዉት። በአንዳንድ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ግን ከዊንዶውስ ሌላ የሆነውን ፊርማ የመቀበሉ ምርጫ ጠፍቶ ስለሚመጣ ፍላሹ አልነሳ ይላል፤ በፈርምዌሩ የሴኪዩር ቡት ገጽ ውስጥ የማይክሮሶፍትን የሦስተኛ ወገን ሰርተፍኬት ፍቀድ የሚለውን ማብራት ይበቃል።

ፍላሹ ሲነሳ የሚመጣውን ‹‹ትራይ ኦር ኢንስቶል ኡቡንቱ›› መርጠው ይግቡና መጀመሪያ ሳይጭኑ ይሞክሩት። ዋይፋዩ፣ ድምፁ፣ የስክሪኑ ብርሃንና የመዳፊት ሰሌዳው ይሠሩ እንደሆነ ይዩ። አሁን የማይሠራ ዋይፋይ ከተጫነ በኋላ በራሱ ይሠራል ብሎ መገመት አያዋጣም።

በዚህ ደረጃ የሚያስደነግጥ አንድ ነገር አለ፦ ጫኙ ዲስኩን ጨርሶ አለማየቱ። የኢንቴል ፕሮሰሰር ባላቸው አንዳንድ ማሽኖች ላይ ዲስኩ በ‹‹አርኤስቲ›› ወይም በ‹‹ሬይድ›› አሠራር ተቀናብሮ ይመጣል፤ ኡቡንቱ የሚፈልገው ደግሞ ‹‹ኤኤችሲአይ››ን ነው። በፈርምዌሩ ውስጥ በቀጥታ ቢቀይሩት ዊንዶውስ የዲስኩን ድራይቨር (ዲስኩን የሚያሠራውን ፕሮግራም) ስላላዘጋጀ መነሳት ያቅተዋል። ትክክለኛው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው፦ ዊንዶውስ ውስጥ በ‹‹ኤምኤስኮንፊግ›› በኩል በሚቀጥለው ጊዜ በሴፍ ሞድ (በጣም አስፈላጊ በሆኑት ክፍሎች ብቻ) እንዲነሳ ያዝዙት፤ ሪስታርት አድርገው ፈርምዌሩ ውስጥ ይግቡና አሠራሩን ወደ ኤኤችሲአይ ይቀይሩ፤ ዊንዶውስ በሴፍ ሞድ ሲነሳ አዲሱን ድራይቨር ይይዛል፤ ከዚያ የሴፍ ሞዱን ትእዛዝ አንስተው እንደተለመደው ያስነሱት።

መጫኑ

ጫኙ ስለ ቋንቋ፣ ስለ ኪቦርድና ስለ ኢንተርኔት የሚጠይቃቸው ቀላል ናቸው። ለግራፊክስና ለዋይፋይ የሦስተኛ ወገን ድራይቨሮችን ልጫን ወይ ሲል አዎ ይበሉት፤ በተለይ የኤንቪዲያ ካርድ ካለዎት። ሴኪዩር ቡት በርቶ እያለ እነዚህ ድራይቨሮች ሲገቡ የይለፍ ቃል እንዲፈጥሩ ሊጠይቅዎት ይችላል፤ ኮምፒውተሩ በመጀመሪያው ሪስታርት ላይ ሰማያዊ ገጽ አምጥቶ ‹‹ኢንሮል ሞክ›› ሲልዎ ያንኑ ቃል ያስገቡ። ገጹን ሳያዩት ካለፈ ድራይቨሩ ሳይሠራ ይቀራል።

ወሳኙ ገጽ ዲስኩን ምን ላድርገው የሚለው ነው። ‹‹ኢሬዝ ዲስክ›› የሚለው ዊንዶውስንም ፋይልዎንም ይጠርጋል፤ እሱን አይንኩት። ከዊንዶውስ ጎን ለጎን ጫን የሚለው ምርጫ ከታየና ዲስክዎ አንድ ብቻ ከሆነ ሊጠቀሙበት ይችላሉ፤ እኔ ግን የት ምን እንደሚጻፍ በዓይኔ ማየት ስለምመርጥ ‹‹ማንዋል ኢንስታሌሽን››ን እወስዳለሁ። በሚከፈተው ዝርዝር ውስጥ የኢኤፍአይ ፓርቲሽኑን፣ ኤንቲኤፍኤስ የተባለውን ትልቁን የዊንዶውስ ክፍልና ‹‹ፍሪ ስፔስ›› የተባለውን ባዶ ቦታ ይፈልጉ። ያስለቀቁት 60 ጊጋባይት እዚህ 64.42 ሆኖ ቢታይ አይገረሙ፦ ዊንዶውስ ጊጋባይትን በ1,024 እያባዛ፣ ኡቡንቱ ደግሞ በ1,000 እያባዛ ስለሚቆጥሩ ያው አንድ ቦታ ነው። እንዲያውም ይህ ቁጥር ትክክለኛውን ቦታ መያዝዎን የሚያረጋግጡበት ምልክት ነው።

ባዶውን ቦታ መርጠው የመደመር ምልክቱን ይጫኑ፤ መጠኑን ሙሉውን ይስጡ፣ ዓይነቱን ኤክስት 4 (የሊኑክስ የፋይል አደረጃጀት)፣ የሚሰቀልበትን ቦታ ደግሞ አንዲት ወደ ፊት ያዘመመች ጭረት (/) ያድርጉት፤ ይህች ጭረት የሊኑክስ ሥረ መሠረት ምልክት ናት። ስዋፕ የሚባል፣ ራም ሲሞላ ትርፉ የሚቀመጥበት የተለየ ፓርቲሽን ቀድሞ የተለመደ ነበር፤ አሁን ኡቡንቱ በፋይል መልክ በራሱ ስለሚፈጥረው አያስፈልግም። የማስነሻው መቀመጫ የዊንዶውሱ ኢኤፍአይ ፓርቲሽን ያለበት ዲስክ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ያችን ፓርቲሽን ግን ፎርማት የሚያደርግ ምልክት እንዳይኖርባት፣ ከጠፋች ዊንዶውስ የሚነሳበት የለውምና። የመጨረሻው ገጽ ምን እንደሚፈጠርና ምን እንደሚለወጥ ይዘረዝራል። በዝርዝሩ ውስጥ ኤንቲኤፍኤስ የሚል ቃል ከታየ ወደ ኋላ ይመለሱ። እስከዚህ ድረስ በዲስኩ ላይ ምንም አልተጻፈም፤ ‹‹ኢንስቶል››ን ከተጫኑ በኋላ ግን መመለሻ የለም።

ከተጫነ በኋላ

ሪስታርት ሲያደርግ ፍላሹን እንዲነቅሉ ይነግርዎታል፤ ከዚያ ግረብ የሚባለው የማስነሻ ሜኑ ይመጣል። ከላይ ኡቡንቱ፣ ዝቅ ብሎ ‹‹ዊንዶውስ ቡት ማኔጀር›› ይኖራል፤ ካልመረጡ ጥቂት ሰከንድ ጠብቆ የመጀመሪያውን ያስነሳል። ሁለቱንም ተራ በተራ ከፍተው ይሞክሩ።

ዊንዶውስ በሜኑው ላይ ካልታየ ጠፍቷል ማለት አይደለም። ከ2021 ወዲህ ግረብ ሌሎች ስርዓተ ክወናዎችን የሚፈልገውን ‹‹ኦኤስ ፕሮበር›› የተባለ ክፍል ለደህንነት ሲል አጥፍቶ ይመጣል። በ‹‹ኢቲሲ›› ፎልደር ውስጥ፣ በ‹‹ዲፎልት›› ሥር ያለውን የግረብ ፋይል በአስተዳዳሪ ሥልጣን ከፍተው ‹‹ግረብ ዲሴብል ኦኤስ ፕሮበር›› የሚለውን መስመር ‹‹ፎልስ›› ያድርጉት፤ ፊቱ ላይ የቁጥር ምልክት (#) ካለ ያንሱት፤ ከዚያ በተርሚናል (በትእዛዝ መስመሩ) ‹‹ሱዶ አፕዴት-ግረብ›› ይበሉ። ዊንዶውስ ቀድሞ እንዲመረጥ የሚፈልጉ ከሆነም እዚያው ፋይል ውስጥ ‹‹ግረብ ዲፎልት›› የሚለውን ቁጥር ይቀይሩ፤ ቆጠራው ከዜሮ ስለሚጀምር በሜኑው አምስተኛ ላይ ላለ ስም የሚጻፈው 4 ነው።

ከዊንዶውስ ወደ ኡቡንቱ በተመላለሱ ቁጥር ሰዓቱ ሲዛባ ያዩ ይሆናል። በማዘርቦርዱ ላይ ያለውን ሰዓት ዊንዶውስ ያሉበት አካባቢ ሰዓት አድርጎ ሲያነበው ሊኑክስ የዓለም አቀፉ ሰዓት አድርጎ ያነበዋል፤ ልዩነቱም የሰዓት ክልልዎ ከዓለም አቀፉ ሰዓት በሚርቀው ልክ ነው። ኡቡንቱ ውስጥ ‹‹ታይምዴትሲቲኤል›› የሚለውን ትእዛዝ ‹‹ሴት-ሎካል-አርቲሲ 1›› ከሚለው ጋር ቢያስገቡ ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ማንበብ ይጀምራል። ዊንዶውስን ወደ ዓለም አቀፉ ሰዓት ማምጣት የበለጠ ንጹሕ ነው የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው፣ ግን ሬጂስትሪን (የዊንዶውስ የውስጥ ማስተካከያዎች መዝገብን) መንካት ይጠይቃል።

ፋይልን በተመለከተ ኡቡንቱ የዊንዶውስን ኤንቲኤፍኤስ ማንበብም መጻፍም ይችላል፤ ዊንዶውስ ግን ኤክስት 4ን በራሱ አያነብም። ሁለቱም የሚጋሯቸው ሰነዶች ካሉ ለእነሱ በኤንቲኤፍኤስ ወይም በኤክስፋት የተሰናዳ የተለየ ፓርቲሽን ማዘጋጀት ከሁሉ ይሻላል። የብሉቱዝ ማውስ ያለው ሰው ደግሞ ወደ አንዱ በተሻገረ ቁጥር ማውሱን እንደ አዲስ ማገናኘት ይኖርበታል፣ ሁለቱ ስርዓቶች ከመሣሪያው ጋር የሚስማሙበት ቁልፍ የተለያየ ስለሆነ። መድኃኒቱ ቁልፉን ከአንዱ ወደ ሌላው መገልበጥ ነው፤ እኔ በበኩሌ ገመድ ያለው ማውስ ገዝቼ ተገላገልኩ።

አንዱ አልነሳ ሲል

ከዊንዶውስ አፕዴት በኋላ ግረብ ሳይመጣ ኮምፒውተሩ በቀጥታ ዊንዶውስን ከከፈተ የተለወጠው ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው፤ በፈርምዌሩ የቡት ዝርዝር ውስጥ ኡቡንቱን ወደ ላይ ይመልሱት። አልፎ አልፎ ከዚህ የከፋም ያጋጥማል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2024 የወጣ አንድ የዊንዶውስ የደህንነት አፕዴት የቆዩ የሊኑክስ ማስነሻዎችን እንዳይነሱ ስላገደ፣ ዱዋል ቡት የነበራቸው ብዙ ሰዎች የደህንነት ፖሊሲ ተጥሷል የሚል መልእክት ገጥሟቸው ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ሴኪዩር ቡትን ለጊዜው አጥፍቶ ኡቡንቱ ውስጥ መግባት፣ ሙሉ አፕዴት ማድረግ፣ ከዚያ ሴኪዩር ቡትን መልሶ ማብራት አብዛኛውን ጊዜ ይፈታዋል። የመጫኛ ፍላሹን ሳይደመስሱ መሳቢያ ውስጥ ማኖር የሚጠቅመውም ለዚህ ዓይነቱ ቀን ነው።

ኡቡንቱን ማንሳት ቢፈልጉ

እዚህም ቅደም ተከተሉ ዋና ነው። የኡቡንቱን ፓርቲሽን ከዊንዶውስ ውስጥ ዘው ብሎ የሚሰርዝ ሰው ኮምፒውተሩን ሲከፍት ጥቁር ገጽ ላይ ግረብ የሚል ቃል ብቻ ያገኛል፤ ማስነሻው በኢኤፍአይ ፓርቲሽን ውስጥ ቀርቶ የሚፈልጋቸው ፋይሎች ግን አብረው ተሰርዘዋልና። ይህ ከደረሰብዎት በቡት ሜኑው ‹‹ዊንዶውስ ቡት ማኔጀር››ን ቢመርጡ ይወጣሉ። እንዳይደርስ ከፈለጉ መጀመሪያ ፈርምዌሩ ውስጥ ገብተው ዊንዶውስን አንደኛ ያድርጉትና በዚያው መነሳቱን ይዩ። ከዚያ በዲስክ ማኔጅመንት የኤክስት 4ቱን ፓርቲሽን ይሰርዙ፤ ሲን በቀኝ ተጭነው ‹‹ኤክስቴንድ ቮልዩም›› ሲሉ ያ ቦታ ከዊንዶውሱ ጋር መልሶ ይገጥማል። በኢኤፍአይ ፓርቲሽን ውስጥ የምትቀረው የኡቡንቱ ፎልደር ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ናት፤ ብትቀመጥም የምትጎዳው ነገር የለም።